ዜና ኆላቄ አቍጽል፤ ወይም የቅጠል ቆጣሪው ዘመቻ ከወርቄ ጋር

በዘመነ ኆላቄ አቍጽል፣ ቅጠል ቆጣሪው በላቦራቶሪው በተሾሙ በሰባተኛው ዓመት፣ ሊቀ ፊርማ በኃላፊነት ወንበር በተቀመጡ በስድስተኛው፣ የኮሪደሩ ቧንቧ ማንጠባጠብ በጀመረ በአራተኛው፣ የቅጠል ቆጣሪውም የደረጃ እድገት ማመልከቻ ገብቶ መልስ ባጣ በሦስተኛው ዓመት ይህ ነገር ሆነ። ወኮነ ከመዝ፤ የሆነውም እንዲህ ነው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ ትውልድ አንብቦ እንዲደነቅ፣ መደነቅ ቢያቅተው እንኳ ወረቀቱን ዕቃ እንዳይጠቀልልበት ተጻፈ።

ይህ ኆላቄ አቍጽል፣ በሕዝብ አፍ ቅጠል ቆጣሪው የሚባሉት፣ ባለ ሁለት መነጽር፣ ዐይናቸው የማይደክም ወገባቸው ግን የሚደክም፣ አንድ ብለው ከጀመሩ መቶ ሳይሞላ ቀና የማይሉ፣ ሰላም ያላቸውን ሰው በሠላሳ አራትና በሠላሳ አምስት መካከል በዐይናቸው ብቻ የሚመልሱ ጀግና ነበሩ። ሥራቸውም ወደ ውኃ የሚጨመር ነገር ሁሉ በውኃ ላይ የሚኖረውን ተክል ይጎዳ እንደሆነ መመርመር ነው። ለዚህም ምስር የምታህል፣ ሥሯ እንደ ክር የቀጠነ፣ ኩሬ ላይ ተንሳፋ የምትኖር አንዲት ቅጠል አለች፤ ከተመቻት ትባዛለች፣ ከከፋት ባለችበት ትቆማለች፣ መርዝ ካገኛት ትነጣለች። ስለዚህ የጥበቡ ሁሉ ማሰሪያ በመጀመሪያው ቀን መቁጠር፣ በሰባተኛውም ቀን ደግሞ መቁጠር ነው። ቀላል ይመስላል፤ ቀላል የሚመስለው ግን ቆጥሮ ለማያውቅ ነው።

ከቢሮው አጥር ማዶ ሰፊ ኩሬ አለ። በኩሬውም ዳር እመ አዕዋፍ፣ ባለ ዳክዬዋ፣ የቅጠል ቆጣሪው ታላቅ እህት ከአርባ ሦስት ዳክዬዎቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። እናታቸው ቀድመው ስላረፉ ይህን ወንድማቸውን ያሳደጉት እርሳቸው ናቸው፤ ጠዋት እንቁላል፣ ማታ እንቁላል እያበሉ፣ የቀረውንም ሸጠው እያስተማሩ ለዚህ ማዕረግ አበቋቸው። ዳክዬዎቹ የሚበሉት ያችኑ ምስር መሳይ ቅጠል ስለ ነበር፣ ነገሩ ሲገለበጥ ቅጠል ቆጣሪው ራሳቸው የቅጠሏ ልጅ ነበሩ ማለት ይቻላል። ይህን ግን በደረጃ እድገት ማመልከቻቸው ላይ አልጻፉትም።

የቢሮው ኃላፊ ደግሞ ሊቀ ፊርማ ይባሉ ነበር፤ ሳያነቡ የመፈረም ጸጋ ተሰጥቷቸዋልና። እኚህ ሰው ስድስት ዓመት ሙሉ ቃር ያንገበግባቸው ነበር፤ የቃራቸውም ምንጭ የሠራተኛው ስንፍና መሆኑን በየስብሰባው ይገልጹ ነበር። በዚያም ወራት ኩሬው በሻጋታ መሳይ አረንጓዴ ዝቃጭ ተሸፈነ፣ ሊቀ ፊርማም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አዋጅ አስነገሩ፤ አዋጁም ይህ ነበር፦

«የምታነብ አንብብ፣ የማታነብ አስነብብ! ከበላይ አካል እንግዶች በሃያ ቀን ውስጥ ይመጣሉ። አረንጓዴ ኩሬ አሳይቼ አልዋረድም። ሦስት ጆንያ ሰማያዊ የመዳብ ጨው መጋዘን ገብቷል፤ አረንጓዴ የሚባልን ነገር ከሥሩ ነቅሎ ያጠፋል። ነገር ግን መመሪያው፣ የውኃ ተክል እንደማይጎዳ በቁጥር ካልተረጋገጠ አይደፋም ይላል። ስለዚህ ቅጠል ቆጣሪው ተክል እንደማይጎዳ በቁጥር አረጋግጠህ ታመጣለህ። ቀልድ አላውቅም!»

ቅጠል ቆጣሪው ይህን ሦስት ጊዜ አነበቡት። አረንጓዴን ከሥሩ የሚያጠፋ፣ አረንጓዴን ግን የማይጎዳ ጨው እንዴት ያለ ጨው እንደሆነ ሊገባቸው አልቻለም። ሰሌዳውን ግን ማን ይጠይቀዋል!

የአዋጁም ወሬ አጥር ዘሎ ከባለ ዳክዬዋ ጆሮ ደረሰ። እርሳቸውም የቅጠል ዘር ለወንድማቸው በጭልፋ ቀድተው በአጥሩ ላይ ካቀበሉ በኋላ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ለመንደሩም ለቢሮውም በአንድ ድምፅ ዐወጁ፦

«ሰፈር ስማኝ! ይቺን ቅጠል ቆጥሬ ባልሰጥም ቆጥሮ ይመልስልኛል! ይሄን ልጅ በእንቁላል አሳድጌዋለሁ፤ ዛሬ የእንቁላሉን እናት ከገደለብኝ እህት አለኝ እንዳይል! ሰምታችኋል? በኋላ አልሰማንም ብትሉ አላውቅላችሁም!»

ወእምዝ፣ ከዚያም ወዲያ፣ ቅጠል ቆጣሪው ለዘመቻ ተነሡ። የተከተላቸው ሠራዊትም ይህ ነበር፤ በቀኝ ዐሥራ ስምንት ብርጭቆዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ከንፈሩ የተሸረፈ፤ በግራ አፏ የተጣመመ ወረንጦ፤ በፊት ሰባት ላይ ሲደርስ የሚነክስ የእጅ መቁጠሪያ፤ በኋላ ሦስት እግር ተኩል ያላት ወንበር፣ የጎደለውን ግማሽ በአሮጌ መዝገብ የሞላች፤ ከላይ ስትፈልግ የምትበራ፣ ስትፈልግ የምታኮርፍ የመብራት ቱቦ፤ በደጅ ደግሞ ዘበኛው፣ የሚገባውን ሁሉ የሚመዘግብ፣ የሚወጣውን ግን የማያይ።

ከሠራዊቱ ሁሉ የከበረች ግን ወርቄ ነበረች። ወርቄ ሰው አይደለችም፤ ውኃ አፍልታ፣ እንፋሎቱን በተጠማዘዘ ቱቦ አሳልፋ፣ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ሲል በጠርሙስ የምታስረክብ የውኃ ማጣሪያ ናት። ከሆዷ እስከ አፍንጫዋ እንደ ወርቅ ስለምታብረቀርቅ ሠራተኛው ይህን ስም አወጣላት። ሊቀ ፊርማ በተሾሙ በመጀመሪያው ዓመት ራሳቸው አስመጥተው፣ ሪባን ቆርጠው፣ ፎቶ ተነሥተው አስመርቀዋታል፤ ከዚያም ወዲህ ከእርሷ ውኃ በቀር ውኃ በአፋቸው አልገባም፣ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ፣ ከምሳ በኋላ አንድ። የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ፍትግም በየሰኞው ይወለውሏት ነበር። ለሙከራው እስከ ዛሬ የኩሬው ውኃ ይበቃ ነበር፤ አሁን ግን ኩሬው ዝቃጭ ስለ ለበሰ፣ ንጹሕ ከተባለ ዘንድ፣ ከወርቄ ሌላ ከየት ይቀዳል?

ቅጠል ቆጣሪው ዐሥራ ስምንቱን ብርጭቆዎች ሦስት ሦስት አድርገው በስድስት ረድፍ አሰለፉ። በመጀመሪያው ረድፍ መዳብ ጠብ አላደረጉም፤ እነዚህ ምስክሮች ይባላሉ፣ ያለ መዳብ ቅጠሏ እንዴት እንደምትሆን የሚናገሩ ናቸውና። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ የመዳቡን ጨው ከጥቂት ወደ ብዙ እያሳደጉ ጨመሩ፤ ስድስተኛው ረድፍ ሦስቱ ጆንያ ኩሬው ውስጥ ቢደፋ የሚሆነውን ያህል ነበር። በያንዳንዱም ብርጭቆ ዐሥራ ሁለት ቅጠል፣ በጠቅላላው ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ቅጠል፣ በተጣመመችው ወረንጦ፣ እስትንፋሳቸውን ይዘው አንድ በአንድ አስቀመጡ፤ አንዲትም አልሰመጠችም።

በሦስተኛው ቀን ቆጠሩ። በአምስተኛው ቀን ቆጠሩ፣ ግራ ገባቸው። በሰባተኛው ቀን ቆጥረው ሲጨርሱ ወንበሯ ላይ ዘጭ አሉ፤ ወንበሯም ከመዝገቧ ልትንሸራተት ምንም አልቀራት። ምስክሮቹ ሞተዋል! ሰባት እጥፍ ሊባዙ የሚገባቸው፣ መዳብ ያልነካቸው ቅጠሎች ዐሥራ ሁለት የነበሩት ዐሥራ ሦስት ሆነው፣ እነርሱም እርስ በርስ ተፋትተው፣ ግማሾቹ ነጥተው ተገኙ። መዳብ የገባባቸውም ሞተዋል። ሁሉም ሞቷል። በሰባት ዓመት አገልግሎት እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም፤ አፈሩ፣ አፍረውም ጥፋቱ የእኔ እጅ ነው ብለው እጃቸውን ሦስት ጊዜ ታጠቡ።

ሊቀ ፊርማ ግን በዚህ ዜና እጅግ ደስ አላቸው። በማግሥቱ በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሁለተኛው አዋጅ እንዲህ ይላል፦

«ምርመራው በድል ተጠናቋል! ቅጠሎቹ ከመዳብ ጋርም ሞተዋል፣ ያለ መዳብም ሞተዋል። ስለዚህ መዳብ የለበትም። ቅጠሎቹ የሞቱት በራሳቸው ድክመት ነው። መዳብ ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነው፤ ቅጠል ቆጣሪው ይህንኑ ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ማኅተም አስመትተህ ታቀርባለህ። እምቢ ያለ ማመልከቻ እንዳለው አይዘንጋ!»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ነገር ግን እውነቱ ይነገር፤ ቅጠል ቆጣሪው ፈርተው ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ስለ ማመልከቻቸው የተነገረ ብቸኛ ቃል ይህ ማስፈራሪያ ነው፤ ስለዚህ ብዕሩን አንሥተው፣ ስማቸውን ጽፈው፣ ለፊርማው እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ በመስኮት በኩል ዳክዬዎቹ ተሰልፈው ወደ ኩሬው ሲወርዱ አዩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ ሳያስቡት ቆጠሩ፤ አርባ ሦስት ሲደርሱ ብዕሩ ደርቆ ነበር።

የደረቀውም ብዕር ብቻ አልነበረም። የቢሮው የማኅተም ቀለምም ደርቋል። ቀለም ለመግዛት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤው ማኅተም ያስፈልገዋል፤ ማኅተሙ ቀለም ያስፈልገዋል። መዝገብ ቤት ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ከጎረቤት ቢሮ ማኅተም በውሰት ለመጠየቅ ወሰነ፣ ለዚህም ስምንት ቀን ጠየቀ። ለሰው ልጅ ጥቅም የሠራ ቢሮክራሲ ታይቶ አይታወቅም ለሚሉ ሁሉ ይህ ስምንት ቀን መልስ ይሁናቸው።

ወበይእቲ ዕለት፣ በዚያችም ቀን፣ ሰኞ ነበረና እትዬ ፍትግ ሥራቸውን ጨርሰው በወርቄ ሆድ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ። ይህም የቢሮው አነስተኛው አዋጅ ነው፦

«ወርቄን በሎሚ ወልውያለሁ። እንደ ሁልጊዜው ውስጧንም። ማንም በጣቱ እንዳይነካት። አሻራ ካየሁ የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንዳንቀያየም።»

ቅጠል ቆጣሪው ይህን ማስታወቂያ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሰኞው ሲያልፉት ኖረዋል። ዛሬ ግን «ውስጧንም» ከሚለው ቃል ላይ ዐይናቸው ተተከለ። እትዬ ፍትግ ያሰጡትን ጨርቅ አነሡ፤ ጨርቁ ሰማያዊ ነው፤ እንደ ጆንያው ጨው ሰማያዊ። የወርቄን አፍንጫ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ቀለበት ሠርቷል። መዳብን የምታሳየውን የመመርመሪያ ወረቀት ከወርቄ ውኃ ውስጥ ቢነክሯት፣ ወረቀቲቱ እንደ አፈረች ልጃገረድ ቀላች። ወርቄ ወርቅ አልነበረችም። ከሆዷ እስከ አፍንጫዋ መዳብ ነበረች፣ ሎሚውም መዳቡን በየሳምንቱ ሲያሟሟው፣ እርሷም ንጹሕ ነው እያለች መዳብ ስታጠጣ ኖራለች። መዳብ ያልገባበት የተባለው ረድፍ ከሁሉ ቀድሞ መዳብ ጠጥቶ ነበር!

ቅጠል ቆጣሪው በደስታ ሊጮኹ ፈለጉ፣ ወዲያው ግን ፎቶው ትዝ አላቸው፤ ሪባኑ፣ መቀሱ፣ የሊቀ ፊርማ ፈገግታ። ወርቄን መክሰስ ማን ችሎ! ስለዚህ አፋቸውን ዘግተው፣ ማኅተሙ እስኪመጣ ባሉት ስምንት ቀናት ላይ እምነት ጥለው፣ በብጣሽ ወረቀት ይህን ጽፈው በአጥሩ ላይ ወረወሩ፦

«እታለም፣ ከጉድጓድሽ ውኃ በፕላስቲክ ጀሪካን ላኪልኝ። ብረት እንዳይነካው። አዲስ ቅጠልም። ለምን አትበይኝ፣ ነፍሴ!»

ባለ ዳክዬዋም አልላኩም፣ ራሳቸው መጡ። የዘበኛው መዝገብ ስለዚያ ግቢያ እንዲህ ይመሰክራል፦ «እንግዳ አንድ። ጀሪካን አንድ። ጭልፋ አንድ። ዳክዬ ሁለት፤ ዳክዬዎቹ መታወቂያ አልያዙም፣ በእንግዳዋ ዋስትና ገብተዋል።»

ሁለተኛውም ዘመቻ ተጀመረ። በመጀመሪያው ረድፍ የእህታቸውን የጉድጓድ ውኃ ብቻ አደረጉ። በሁለተኛው ረድፍ የወርቄን ውኃ ብቻ፣ ምንም ሳይጨምሩ አደረጉ፤ ይህን ሲያደርጉ ሁለት ጊዜ ዞረው በሩን አዩ። በቀሩት አራት ረድፎች የጉድጓዱን ውኃ ሞልተው መዳቡን ከጥቂት ወደ ብዙ ጨመሩ፤ የመጨረሻው እንደ ፊተኛው የሦስቱ ጆንያ ልክ ነበር። እንደ ገናም ሁለት መቶ ዐሥራ ስድስት ቅጠል፣ እንደ ገናም እስትንፋስ ይዞ ማስቀመጥ፣ እንደ ገናም ከመቁጠሪያው ጋር ሰባት ላይ መነካከስ ሆነ።

በሰባተኛው ቀን ቆጠሩ፤ ጠዋት ጀምረው ሲጨርሱ የምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። በእህታቸው ውኃ ዐሥራ ሁለቱ ቅጠል በአንዱ ብርጭቆ ዘጠና ሰባት፣ በሁለተኛው ዘጠና አምስት፣ በሦስተኛው ዘጠና ዘጠኝ ሆነው፣ መሬቱ ጠቧቸው እርስ በርስ ተደራርበው ተገኙ። ጥቂት መዳብ ባገኙት ስልሳ አንድ፤ ከዚያ በበለጠው ሠላሳ ስምንት፤ ከዚያም በበለጠው ሃያ። በሦስቱ ጆንያ ልክ ግን ዐሥራ ሁለት ገብተው ዐሥራ ሁለት ቀሩ፣ ሁሉም እንደ ወረቀት ነጭ። የወርቄስ? የወርቄ ዐሥራ አራት። እኔ ነኝ ያለችው ንጽሕት፣ ከጆንያው በጥቂት ብቻ ትሻል ነበር።

ቅጠል ቆጣሪው ሠንጠረዡን ሲያሰናዱ ታላቁ ፈተና መጣ። የወርቄን ረድፍ ቢተዉት ማንም አያውቅም፤ ኩሬውም በሌላው ቁጥር ይድን ይሆናል፤ ማመልከቻውም እንደዚሁ። የወርቄን ሦስት ብርጭቆዎች ደግመው ቆጠሩ። በመጨረሻ ግን ቆጥሬዋለሁ፣ የቆጠርሁትንማ እንዴት አልቆጠርሁም እላለሁ ብለው ጻፉት፤ «በቢሮው የመዳብ ማጣሪያ ውኃ፣ ምንም ሳይጨመር፦ ዐሥራ አራት»። ፈረሙም። በዚህ የታሪክ ክፍል ውስጥ ከተደረገው ሁሉ ጀግንነት የሚባለው ይህ አንድ መስመር ነው፣ ሌላው ወንበር ላይ መቀመጥ ነበር።

ሊቀ ፊርማ በስምንተኛው ቀን፣ የውሰቱ ማኅተም በደረሰ ሰዓት፣ ወረቀቱን እንደ ልማዳቸው ሳያነቡ ሊፈርሙ ብዕራቸውን አወረዱ። በግራ እጃቸው የጠዋቱ ሁለተኛ ብርጭቆ ነበር። ሰው የራሱ ነገር ከተጻፈበት ስፍራ ዐይኑ አይዘልምና «በቢሮው የመዳብ ማጣሪያ» የሚለውን አዩ፤ ቀጥሎም «ዐሥራ አራት»ን፤ ቀጥሎም በስተግርጌ «ነጥተው፣ ተበታትነው» የሚለውን። ብርጭቋቸውን አዩ። ሆዳቸውን ያዙ። ስድስት ዓመት ያንገበገባቸው ቃር በዚያች ቅጽበት የት እንደ ተወለደ ተገለጸላቸው፤ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ ባለው የአበባ ማሰሮ ደፉት፤ አበባውም አስቀድሞ የደረቀ ነበር፣ ለምን እንደ ደረቀም ያኔ ገባቸው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስተኛው አዋጅ ወጣ፣ ቀለሙም ሳይደርቅ ተለጠፈ፦

«መዳብ ጠላት ነው! ይህን አስቀድሜ ጠርጥሬ በራሴ ላይ ለስድስት ዓመት ስሞክር ቆይቻለሁ። ሦስቱ ጆንያ በአስቸኳይ ከግቢው ይውጡ። ኩሬው የተፈጥሮ ውበታችን ስለሆነ እንግዶቹ አረንጓዴውን በኩራት ይጎበኙታል። ሪፖርቱን በስሜ አቀርባለሁ። ቅጠል ቆጣሪው የምርመራ ጊዜውን ከሰባት ቀን ወደ ዐሥራ አምስት ስላራዘምክ በጽሑፍ ተገሥጸሃል። ወርቄ በክብር ተሰናብታለች!»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ። ወርቄም በሊቀ ፊርማ ቢሮ፣ ከምርቃቷ ፎቶ ሥር፣ ሪባኗ ዳግመኛ ታስሮላት ተቀመጠች፤ በአፏም የፕላስቲክ አበባ ተሰካባት፣ በዚያ ክፍል መዳብ የማይጎዳው ተክል እርሱ ብቻ ነበርና። ጆንያዎቹም ዘበኛው ሳያይ ወጡ፤ የወጣ ነገር አያይምና። የደረጃ እድገቱ ማመልከቻ ግን ከተግሣጹ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ገብቶ አራተኛ ዓመቱን ጀመረ።

ወእምድኅረ ዝንቱ፣ ከዚህም በኋላ፣ ቅጠል ቆጣሪው መዳብ የነካቸውን ሁሉ በመርዝ በርሜል ዘግተው፣ በእህታቸው ውኃ የተባዙትን ብቻ በዚያችው ጭልፋ ይዘው ወደ አጥሩ ሄዱ። ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ነበሩ። ባለ ዳክዬዋም ጭልፋውን ተቀብለው፣ ፀሐይ ላይ ከፍ አድርገው አይተው፣ በመንደሩ ፊት የመጨረሻውን አዋጅ ዐወጁ፦

«ሰፈር ስማኝ! ተበድሮ የካደ ሞልቷል፤ የኔ ወንድም ግን የወሰደውን አብዝቶ መለሰ! ቢሮው ገሥጾታል አሉ፤ እኔ መርቄዋለሁ፣ የማን እንደሚበልጥ እናያለን! ና አንተ፣ ከስተሃል፣ እንቁላሉ እየቀዘቀዘ ነው!»

ብለውም ጭልፋውን ወደ ኩሬው ገለበጡት። በዐሥራ አምስት ቀን፣ በሁለት ዘመቻ፣ በአንድ ወገብ ሕመም የተገኙት ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ቅጠሎች፣ ይህን የጻፈው ብዕር ቀለም ሳይነካ፣ በዳክዬዎቹ ሆድ ገቡ። ዳክዬዎቹ ሳይቆጥሩ በሏቸው።

እንግዲህ ምስጋና ለኆላቄ አቍጽል፣ ለዐይናቸው ምስጋና፣ የሰው ፊት ሳታይ ቅጠል ላየች፤ ለጣታቸው ምስጋና፣ ፈርታ ሳለች እውነት ለጻፈች፤ ለወገባቸውም ዕረፍት፣ ለወንበራቸውም አራተኛ እግር ይሁን። ስማቸው በሪፖርቱ ላይ የለም፣ በሰሌዳውም ላይ ያለው በተግሣጽ ነው። እርሳቸው ግን ይህን ሁሉ ረስተው፣ የተላጠ እንቁላል በእጃቸው ይዘው፣ ኩሬው ዳር ቆመው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ታዩ። አርባ ሦስት። ደግመው ቆጠሩ። አርባ ሦስት።